የአንዱ ምኞት ለሌላው ዕድል ስለ መሆኑ

ሰው መልካም ሥራ ሲሠራ «እኔ ሠራሁት» ይላል፤ ክፉ ሥራ ሠርቶ የተያዘ እንደ ሆነ ግን «ዕድሌ ነው፥ በግንባሬ የተጻፈ ነው» ማለት ይቀናዋል። እንዲህ ያለው አነጋገር በየአገሩና በየዘመኑ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ ብዙዎች እንደ እውነት አድርገው ተቀብለውታል። ዳሩ ግን ነገሩ ሲመረመር ያስቸግራል። ሰው የሚሠራው ሁሉ አስቀድሞ የተቈረጠበት ከሆነ ዳኛ ስለ ምን ይቀመጣል? ሽማግሌስ ስለ ምን ይመክራል? ደግሞም ሰው የሚደርስበት ሁሉ በገዛ ፈቃዱ ብቻ የሚደርስበት ከሆነ፥ ምንም ሳይበድል በሌላ ሰው ሥራ የሚጠፋው ድኻና ሕፃን ምን መርጦ ነው የሚጠፋው? ስለ ዕድልና ስለ ፈቃድ የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው ጥያቄ ሲደክሙ የኋለኛውን ይረሱታል። የሥልጣንን ምኞት የሚያሳዩ የሐዘን ቴያትሮች ግን ሁለቱን ጥያቄዎች አንድነት ያስነሣሉና፥ ነገሩን ከእነርሱ ጋራ አያይዞ መመልከት ይጠቅማል።

በቸሃ ምድር ይህ ነገር የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ሆኖ አልኖረም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው ቂጫ በሚባለው የአባቶች ሕግ ሲፈርዱ፥ ደም ያፈሰሰውን ሰው የሚጠይቁት ስለ ሥራው እንጂ ስለ ዕድሉ አይደለም። ዱሮ በአገሩ እምነት ቦዣ የተባለው የነጐድጓድ አምላክ ይፈራ በነበረበት ዘመን እንኳ፥ የሰው ንብረት የነካ ሌባ በመብረቅ ይመታል ይባል ነበር። በዚህም እምነት ውስጥ ከላይ ያለው ኀይል የስርቆት ቀጪ ነው እንጂ የስርቆት አስገዳጅ አይደለም። እንግዲህ ታላቅ ኀይልን መፍራትና የራስን ሥራ ለዕድል መስጠት አንድ ነገር እንዳይደሉ የቸሃ ሰው ፊደል ሳይቈጥር ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ከዚሁ አገር የተወለዱት ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «የሺነጋ መንደር» የተባለውን ልብ ወለድ በቸሃ ቋንቋ ጽፈው፥ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓመት ታተመ። ከዚያ በኋላ እኒሁ ደራሲ በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ» የሚባል መጽሐፍ ደረሱ። የመጽሐፉም ነገር የሚነሣው በጉራጌ ገጠር ከአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል ነው። አፈርሳታ ማለት በዱሮው ሥርዐት ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ የቀረው መቀጫ እየከፈለ፥ ያየውንና የሰማውን እየተናገረ ጥፋተኛው የሚፈለግበት ጉባኤ ነው፤ በሌላውም አገር አውጫጭኝ ይሉታል። ይህ ጉባኤ ዘገምተኛ ነው፤ የእርሻ ቀን ያስፈታል፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋራ ፀሐይ ላይ ያውላል፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ ሳይገኝ ይበተናል። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ይዟል። ጎረቤቱ ቤቱ ሲቃጠልበት «ምን ይደረግ፥ ዕድሉ ሆኖ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ይከለክላል። እሳቱን የለኰሰ እጅ አለና፥ እጁ እስኪታወቅ ድረስ የሁሉም ጉዳይ ነው።

ሣህለ ሥላሴ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓመት ደግሞ ስለ ቋራው ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ተባሉት ንጉሥ፥ በእንግሊዝኛ ሌላ ልብ ወለድ አሳተሙ። ከጎጆ ቃጠሎ ተነሥተው ወደ መንግሥት ቃጠሎ መሻገራቸው እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የሚቃጠለው ቤት ትንሽ ሲሆን ሰው ሁሉ እጁን ይፈልጋል፤ የሚቃጠለው ከተማና አገር ሲሆን ግን «የዘመኑ ነገር ነው፥ የተጻፈው ደረሰ» ይባላል። ልዩነቱ ከቤቱ ትልቅነት በቀር ምን እንደ ሆነ የሚመረመር ነው።

ስለ ሥልጣን ምኞት ከተጻፉት ቴያትሮች ሁሉ የታወቀው የእንግሊዙ ባለ ቅኔ የሼክስፒር «ማክቤዝ» ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1606 ዓመት ገደማ የተጻፈ ሲሆን፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለ መለሱት የአማርኛ አንባቢም ያውቀዋል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ማክቤዝ የስኮትላንድ ንጉሥ የዳንከን የጦር አለቃ ነው። ከባልንጀራው ከባንኮ ጋራ ድል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች በመንገድ ላይ ቈመው የያዘውን ሹመት፥ ቀጥሎም ገና ያላገኘውን ሌላ ሹመት እየጠሩ ሰላምታ ሰጡት፤ በመጨረሻም ንጉሥ ትሆናለህ አሉት። ባንኮንም አንተ አትነግሥም፥ ነገሥታትን ግን ትወልዳለህ አሉት። ከዚያ ብዙም ሳይቈይ መልክተኛ መጥቶ ሁለተኛውን ሹመት ለማክቤዝ አበሠረው።

እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። ይህ ሹመት ለማክቤዝ የደረሰው ምንም ሳይደክምበት ነው። ትንቢቱ በራሱ እግር እንደሚመጣ በዓይኑ አየ። እንግዲያስ ትንቢቱን ያመነ ሰው ቢሆን ኖሮ እቤቱ ተቀምጦ ዘውዱን መጠበቅ ይበቃው ነበር፤ እርሱም ራሱ አንድ ጊዜ ይህንኑ ዐሳብ ዐስቦታል። ትንቢቱን ፈጽሞ ያላመነ ሰው ቢሆን ደግሞ ስቆ መንገዱን ይሄድ ነበር። ንጉሡን በእንግድነት ቤቱ ተቀብሎ በተኛበት የገደለው ግን ሁለቱንም ስላልሆነ ነው። ዘውዱ የእኔ ነው ለማለት የሚበቃ ያህል አመነ፤ ለመታገሥ የሚበቃ ያህል ግን አላመነም። ጠንቋዮቹ «ትነግሣለህ» አሉት እንጂ «ግደል» አላሉትም። በ«ትነግሣለህ»ና በ«ግደል» መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሞላው የገዛ ምኞቱና የሚስቱ ምክር ነው።

እንሰት የሚተክል የቸሃ ገበሬ ቡቃያውን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ፥ እንደገና እየተከለ፥ ፍግ እያለበሰ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ዝናሙም በሽታውም በእጁ አይደለም፤ መትከሉና መጠበቁ ግን በእጁ ነው። ማክቤዝ የጐደለው ይህ ነው። የተነገረለትን ነገር ጊዜው ሳይደርስ ሊነቅለው ተነሣ።

የክርክሩን ፍርድ የሚሰጠው ግን ባንኮ ነው። ባንኮ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ሰዓት፥ ከእነዚያው አፎች ትልቅ ተስፋ ሰማ። ምኞት አልነካውም ማለት አይቻልም፤ በሌሊት ክፉ ዐሳብ እንዳይመጣበት ሲፈራ እናየዋለንና። ነገር ግን የጨለማ ወገኖች ሰውን ለመጣል ሲሹ በትንሽ ነገር እውነት እየነገሩ በትልቁ እንደሚያታልሉት ለባልንጀራው አስጠነቀቀ፤ እጁንም ሰበሰበ። አንድ ቃል በሁለት ሰዎች ልብ ወርዶ አንዱን ነፍሰ ገዳይ ሲያደርግ ሌላውን ካላደረገ፥ ነፍሰ ገዳይነቱ ከቃሉ እንዳልመጣ ግልጥ ነው።

ባለ ቅኔው ይህን ሆነ ብሎ እንዳደረገው ከታሪኩ ይታወቃል። በእውነተኛው የስኮትላንድ ታሪክ ዳንከን የሞተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1040 ዓመት በጦር ሜዳ ነው፤ ማክቤዝም ከዚያ በኋላ እስከ 1057 ዓመት 17 ዓመት ነግሦ ኖሯል፤ በዚህም መካከል ወደ ሮሜ ለመሄድ ያህል አገሩን አምኖ የተወ ንጉሥ ነበር። ባለ ቅኔው ግን ሞቱን ከጦር ሜዳ ወደ መኝታ ቤት አዛወረው። በጦር ሜዳ ማን ማንን እንደ ገደለ ለዕድል መስጠት ይቻላል፤ በራስ ቤት በተኛ እንግዳ ላይ የሚመዘዝ ጩቤ ግን ለዕድል የሚሰጥ አይደለም። ታሪክ ጸሓፊ ይህን ቢያደርግ ሐሰተኛ ይባል ነበር፤ ቴያትር ጸሓፊው ግን ፈቃድን ለዓይን ለማሳየት ሌላ ብልሃት አልነበረውም።

ከነገሠ በኋላ የማክቤዝ ነገር ይብሳል። ለእርሱ የተነገረውን ትንቢት «ዕድሌ» ብሎ የተቀበለ ሰው፥ ለባንኮ ልጆች የተነገረውን በሰይፍ ሊሽረው ተነሣ። የሚጠቅመው ሲሆን የማይለወጥ፥ የሚጎዳው ሲሆን የሚለወጥ ዕድል አለ ብሎ ማመን የምኞተኞች ሁሉ ሃይማኖት ነው። ባንኮን አስገደለው፤ የባንኮ ልጅ ግን አመለጠ። ከዚያ ወዲያ ከደሙ መካከል ቈሞ፥ ወደ ኋላ መመለስና ወደ ፊት መሻገር እኩል አድካሚ እንደ ሆነበት ሲናገር ይሰማል። ዕድል አለ የሚሉ ሰዎች ይህን ስፍራ ይዘው «እነሆ፥ መመለሻ አጥቷል» ይላሉ። እውነትም መመለሻው ጠቧል። ነገር ግን ያጠበበው ማን ነው? በመጀመሪያው ሌሊት መንገዱ ሰፊ ነበር፤ እያንዳንዱ ግድያ የሚቀጥለውን ግድያ እያቀረበ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል እንዲባል፥ የሚፈራውን ለማስቀረት የሚሠራው ሥራ የሚፈራውን ያመጣበት ጀመር። ሰው ከኋላው የገነባውን ግንብ ዞር ብሎ ሲያየው «ይህን ያቈመው ሌላ ነው» ይላል።

በዚህ ቴያትር ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የማክቤዝ መጨረሻ አይደለም። ጠንቋዮቹ ዳግመኛ «ማክደፍን ተጠንቀቅ» ቢሉት፥ ማክደፍ ወደ እንግሊዝ መሄዱን በሰማ ጊዜ ወታደሮች ሰዶ የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከልጆቹ አንዱ ከእናቱ ጋራ እንደ ሕፃን ሲጨዋወትና ሲቀልድ ይታያል። ለዚህ ልጅ ጠንቋይ አልመጣችለትም፤ ዘውድም አልተነገረለትም፤ ሊመርጠው የቀረበለት ነገር አንድም የለም። በሩ ተሰበረና ሞተ። በማክቤዝ ቤት ፈቃድ የነበረው በማክደፍ ቤት ዕድል ሆኖ ገባ። ስለ ዕድልና ስለ ፈቃድ ተጽፎ የነበረው ክርክር ሁሉ በዚህ ሕፃን ፊት ሲነበብ መልኩን ይለውጣል። «ማክቤዝ ነጻ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የማክቤዝ ነጻነት ከማን ነጻነት ተወስዶ ነው?

በኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ነገር የሚቀርብ ቢፈለግ ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የሚቀድም አይገኝም። ስለዚህም ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ድራማ አሳተሙ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በበኩላቸው ይህንኑ ንጉሥ በመድረክ አቁመውታል። የታሪኩ ሥር ትንቢት ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ከመከራና ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ተጽፎ ስለ ነበረ፥ በዘመነ መሳፍንት መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የተጨነቀው ሕዝብ ያን ስም ይጠባበቅ ነበር።

ነገር ግን ትንቢቱ የቋራውን ካሣን በስሙ አልጠራውም። ማክቤዝን ጠንቋዮቹ በመንገድ ቈመው በስሙ ጠሩት፤ ካሣ ግን ስሙን ራሱ ሄዶ ያዘው። እናቱ ኮሶ ሻጭ ናት እየተባለ የተሰደበው ሽፍታ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አዘጋጅተውት ነበር በሚባለው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነገሠ። ዘውዱን የጫኑት አቡነ ሰላማም ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በውቤ ድካም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም ለውቤ ተዘጋጅተው ሳለ ዘውዱ በሌላ ራስ ላይ ዐረፈ። ይህን የሚያይ ሰው «ዕድል ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ያን ዕድል ከቋራ በረሓ ጀምሮ ስንት ሌሊት ሲገሠግሥለት እንደ ኖረ ያስብ። ካሣ በዚያ ቀን «ቴዎድሮስ» ተባለ፤ ስሙንም የመረጠ ራሱ ነው።

ቴዎድሮስን ከማክቤዝ ጋራ በአንድ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው። ማክቤዝ ከዙፋኑ በላይ የሚመኘው ነገር አልነበረውም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የተከፋፈለውን አገር አንድ ሊያደርጉ፥ የባሪያ ንግድን ሊከለክሉ፥ ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ይልቅ በደመወዝ እንዲያድር ሊያደርጉ ዐስበው ነበር። ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚወዳቸውም ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን የተመረጠው ስም ከባድ ነበር። «ጽድቅን የማመጣ ንጉሥ እኔ ነኝ» ያለ ሰው፥ የሚቃወመውን ሁሉ የራሱ ጠላት ብቻ ሳይሆን የጽድቅ ጠላት አድርጎ ወደ ማየት ይሳባል። ተራ ንጉሥ ከሸፈተበት ባላገር ጋራ ሊታረቅ ይችላል፤ የትንቢት ንጉሥ ግን ሲታረቅ ትንቢቱን የቀነሰ ይመስለዋል። ሸዋና ወሎ፥ ጎጃምና ትግሬ ተራ በተራ ሲሸፍቱ ቅጣቱ እየበረታ የሄደው በከፊል በዚህ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ የንጉሡን ጠባይ የለወጠው ሐዘን ነው ይላሉ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ጆን ቤል ተገደሉ። ሐዘን ልብን እንደሚያከብድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ሐዘን አማካሪ እንጂ አዛዥ አይደለም። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ፥ ምኒልክን ያስጠጉት የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ስለ እናቱ ሥራ ተገደለ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘርፋ ተቃጠለች። የጎንደር ባልቴት በዚያ ቀን ምን ትንቢት አነበበች? ፍካሬ ኢየሱስን ሰምታ ከሆነ፥ የምትጠብቀው ጻድቁን ንጉሥ ነበር።

ንጉሡም በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በጋፋት አሠርተው፥ ገደሉን እያስናዱ መንገድ እያስጠረጉ፥ በሺህ በሚቈጠር ሰው ጕልበት እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ከእንግሊዝ ጦር ጋራ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ የሆነው በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አስቀድሞ ኀሙስ ዕለት ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ከስቅለት ማግሥት ጀምሮ ደግሞ ለጦርነቱ ምክንያት የሆኑት አውሮፓውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተፈቱ፤ አንድም አልተነካም። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ እጅ ገደለ፥ ያው እጅ ፈታ። መውጫ ጠፍቷል፥ ሁሉ አልቋል በሚባልበት በዚያ አምባ ላይ እንኳ ምርጫ አልሞተም ነበር ማለት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ፤ ይህን ሞት ሕዝቡ እንደ ጀግንነት ሲያወድሰው የሚኖረውም ምርጫ ስለ ነበረበት ነው። ዕድል ብቻ ቢሆን ማን ያወድሰው ነበር? ሞቱን ለቴዎድሮስ ሰጥተው የኀሙሱን ሥራ ለዕድል የሚሰጡ ሰዎች ሚዛናቸውን ይመርምሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውም የታወቀ ነው። የንጉሡ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ፥ የዚያው የደጃዝማች ውቤ ልጅ፥ ከእንግሊዞች ጋራ ሲሄዱ በመንገድ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓመት በ18 ዓመቱ ሊድስ በሚባል ከተማ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። በ2023 ዓመት ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለም። በደረስጌ የተመረጠውም በመቅደላ የተመረጠውም በለንደን የተመረጠውም በአንድ ሕፃን ላይ ዕድል ሆኖ ወረደ።

እዚህ ላይ ስለ ፈጣሪ ዕውቀት የሚነሣ ጥያቄ አለ። እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ሰው እንዴት ነጻ ይሆናል? ሊቃውንት በዚህ ብዙ ጽፈዋል፤ ለመንገደኛ ግን አንድ ምሳሌ ይበቃዋል። በዘቢዳር ተራራ ላይ የተቀመጠ እረኛ ከታች ወደ ቡታጅራ የሚሄደውን ሰው ያየዋል፤ ሰውየው ከጥምዝምዙ ባሻገር ያለውን የጐርፍ ቦይ ሳያይ እረኛው ያየዋል። ማየቱ ግን ሰውየውን ወደ ቦዩ አልገፋውም። ማወቅ ሌላ፥ ማስገደድ ሌላ ነው።

ወደ ቸሃ እንመለስ ቢባል፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት እስከዚያ አልደረሰም። ሆኖም ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው፥ ከ1868 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1881 ዓ.ም. ድረስ ሠራዊታቸው ወደ ጉራጌ ምድር ደጋግሞ ዘመተ። ክስታኔ ቀድሞ ሲገባ ሰባት ቤት ግን በቀላሉ አልገባም፤ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞም የራስ ጎበናን ጦር ብዙ ጊዜ ተቋቁሞ በመጨረሻ ተሸነፈ። የቸሃ ገበሬ በእነዚያ ዓመታት አንድም ዘውድ አልተመኘም። መቅደላን አላየም፤ ደረስጌን አላወቀም። አንድ ሌሊት ከአንድ አምባ ላይ አንድ ወጣት አምልጦ መውረዱ የእርሱን መሬት ባለቤትና የእርሱን ግብር እንደሚለውጥ ማን ይነግረው ነበር? አንድ ሰው አመለጠ፤ በደኅና መረጠ፤ ታላቅ መንግሥትም ሠራ፤ ይህን የሚክድ የለም። ያው ምርጫ ግን በእንሰት ጓሮ ሲደርስ መልኩ ሌላ ነበር። ገባርነትና ግብር መጣ፤ ግብሩን በገንዘብ ለመክፈል የቸሃ ልጅ እርሻውን ለሚስቱና ለአባቱ ትቶ ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ ተሸከመ፥ ቈፈረ፥ ኋላም ነገደ። ሽማግሎች ያን ጊዜ «የዘመን ነገር» ብለው ቢተክዙ እውነት አላቸው። ለእነርሱ የዘመን ነገር ነበር። ለወሰኑት ሰዎች ግን የዘመን ነገር አልነበረም።

እንዲህም ሲባል የተመታው ሰው ምርጫ አልቀረውም ማለት አይደለም። በግብር ግፊት ወደ አዲስ አበባ የወረደው ያው ሰው ሥራ ለመደ፤ ገንዘብ አጠራቀመ፤ በመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ግን በክረምት የሞላ ወንዝና ጭቃ ይገታው ነበር። የታመመ በቃሬዛ ተሸክሞ ሲሄድ ከመንገድ ላይ ይሞት ነበር። ይህም «የአገራችን ዕድል ነው» ሲባል የኖረ ነው። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ግን የጉራጌ ልጆች በአዲስ አበባ ማኅበር አቁመው፥ ነጋዴውም ኩሊውም እንደ ዐቅሙ አዋጥቶ፥ በአገራቸው መንገድ ያስጠርጉ ጀመር። እዚህ ምኞት የለም የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ታላቅ ምኞት ነበር። ልዩነቱ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ተጫነ ነው። ማክቤዝ ምኞቱን በእንግዳው አንገት ላይ ጫነ፤ እነዚህ በገዛ ኪሳቸው ላይ ጫኑት። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ያን መንገድ የጠረጉት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ደግሞ ቆጮ የጫነ መኪና፥ ለገበያ የወጣች ሴት፥ ከአዲስ አበባ ለመስቀል የሚገባ ልጅ ይመላለስበታል።